አዲስ ነገር አትጨምሩ፤ ያለውን ለባለቤቱ ስጡት

ሰላም እህቴ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ! ቡድናችሁ ለተማሪዎች የሶፍትዌር ዲዛይን ውድድር ፍጻሜ አልፎ ሦስት ሳምንት ቀርቷችኋል። የጠየቅሽው ሁለት ነገር ነው፦ በቀረው ጊዜ አዲስ ነገር እንጨምር ወይስ ያለውን እናስተካክል? እዚያ ስንደርስስ ምን ይጠብቀናል? እኔ ሁለት ጊዜ ተወዳድሬያለሁ። አንዴ ተዋርጄ፣ አንዴ ደህና ሆኜ ተመልሻለሁ። የተዋረድኩበትን ብነግርሽ ይሻላል።

ያኔ አራት ነበርን። የሠራነው አፕ ማየት ለተሳናቸው ተማሪዎች ነው፤ የታተመ ወረቀት በስልክ ካሜራ ያነሳና ጮክ ብሎ ያነባል። ፍጻሜው ሃያ ቀን ገደማ ሲቀረው ልክ እንደ እናንተ ተሟሟቅን። አንዱ "ትርጉም እንጨምር" አለ፣ ሌላው "የድምፅ ማስታወሻ"። ሁለቱንም ጨመርን። እንቅልፍ የሚባል ነገር ረሳን።

ቀኑ ደርሶ መድረክ ላይ ወጣን። ስልኩን ወረቀቱ ላይ ደገንኩ። ዝም። እንደገና ሞከርኩ፤ የፊደል ቁርጥራጭ ማነብነብ ጀመረ። ለካ የመድረኩ መብራት የሚያብለጨልጨው ወረቀት ላይ አርፎ ግማሹን ጽሑፍ አጥፍቶታል! እኛ ለወራት የሞከርነው አንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በአንድ መብራት ሥር ነበር።

እሱስ ባልከፋ። ዴሞ (ሥራውን በተግባር ማሳየት) የማይበላሽበት ሰው የለም፣ ዳኞችም ያውቁታል። ጉዳችን የፈላው ከዚያ በኋላ ነው። ከዳኞቹ አንዷ ስልኩን ተቀበለችኝ። ጣት ያረፈበትን ነገር ጮክ ብሎ የሚናገረውን የስልኩን ስክሪን አንባቢ አበራችና ዓይኗን ጨፈነች። ጣቷን ስታንሸራትት ስልኩ "ስም የሌለው ቁልፍ" አለ። ወደ ጎን ሄደች፤ "ስም የሌለው ቁልፍ"። ሦስተኛውም እንደዚያው። ዓይኗን ገልጣ ቀስ ብላ "የቱን ልጫን?" አለችኝ። ለዓይነ ስውራን የሠራነውን አፕ ዓይነ ስውር ሊጠቀምበት አይችልም ነበር። ለቁልፎቹ ስም መስጠት የግማሽ ቀን ሥራ እኮ ነው! እኛ ትርጉም ስንጨምር ከረምን።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄሽ መልሴ አጭር ነው፦ ምንም አትጨምሩ። ነገ ተነስታችሁ አፑ የተሠራላቸውን ሦስት አራት ሰዎች ፈልጉ። ስልኩን ስጧቸውና ዝም በሉ። ይህ ዝምታ ከባድ ነው፤ "እዚህ ጋ ተጫን" ለማለት አፍ ይበላል። አትበሉ። ጣታቸው የት እንደሚቆም፣ የት "እህ?" እንደሚሉ ብቻ ጻፉ።

በሁለተኛው ውድድር ያንኑ ሐሳብ ይዘን ስንመለስ እንዲህ አደረግን። ገና የመጀመሪያው ሰውዬ ወረቀቱን ገልብጦ ያዘው። ላይና ታቹን በምን ይለየው? ማናችንም አስበነው አናውቅም። አፑ "ወረቀቱ ተገልብጧል" እንዲል አደረግን፣ ማንም ያልነካቸውን ሁለት ገጾች ደግሞ ከአፑ አስወገድን። ዳኛው "ለማን አሳያችሁት?" ሲለን የሰውዬውን ነገር ነገርነው። ከዚያ ወዲያ ስለ ኮዱ ብዙም አልጠየቀንም። ሦስተኛ ወጣን።

ደግሞ ያሸነፉትን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2012 ሲድኒ ላይ በተደረገው የማይክሮሶፍት ኢማጂን ካፕ (የዓለም ተማሪዎች የቴክኖሎጂ ውድድር) ፍጻሜ በሶፍትዌር ዲዛይን አንደኛ የወጡት የዩክሬን ተማሪዎች ናቸው፤ የምልክት ቋንቋን ወደ ድምፅ የሚቀይር ጓንት ይዘው። በ2014 ደግሞ ሁለት የአውስትራሊያ ተማሪዎች አሸነፉ፤ የታችኛውን የዓይን ቆብ ውስጠኛ ክፍል በስልክ አንስቶ የደም ማነስ መኖሩን የሚገምት ሥራ ነበር። ሁለቱም አውስትራሊያውያን የሕክምና ተማሪዎች ነበሩ! ችግሩን ከቅርብ ያውቁታል። ሁለቱንም ሥራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገርኩሽ አይደል? የእናንተን ለጎረቤት በአንድ ትንፋሽ መንገር ካቃታችሁ ስላይዱን ትታችሁ እሱን ሥሩ።

እዚያ ስትደርሱ ምን ይጠብቃችኋል? ወረፋ፣ ግርግር፣ የማይሠራ ዋይፋይ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሁሉ አንድ መስመር ላይ ስለሚንጠለጠል ኢንተርኔት ይኖራል ብላችሁ አትመኑ። አፑ ያለ ኔትወርክ የሚሠራበት መንገድ ካለ አዘጋጁ። ከሌለ የራሳችሁን ዳታ ያዙ። ዴሞውን አስቀድማችሁ በቪዲዮ ቅረጹት። የፕሮጀክተር ገመድና መቀየሪያ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። ውድድሩ ሁለት ቀን ሲቀረው ኮድ መንካት ይቁም፤ "ይቺን ብቻ" የሚል ሰው ካለ ላፕቶፑን ቀሙት። ስልኩ ላይ ብቅ የሚለውን የመልእክት ማሳወቂያም አጥፉ። እኔ ላይ የእናቴ "በልተሃል ወይ?" ግድግዳ ሙሉ ወጥቷል።

ንግግሩን በሰዓት ተለማመዱ። አሥር ደቂቃ ከተሰጣችሁ በስምንት ጨርሱ፤ መድረክ ላይ የሚበላሽ ነገር ሁለቱን ይበላዋል።

ጥያቄ ላይ የሠራው ሰው ይመልስ፣ ሌላው አፉን ይያዝ። እኛ እየተነጣጠቅን ስንመልስ ያልተስማማን ቡድን መሰልን፤ እውነትም አልተስማማንም ነበር። "ይህን የሚሠራ ሌላ አፕ አለ፣ የእናንተ በምን ይለያል?" መባላችሁ አይቀርም። "እንደኛ ያለ የለም" እንዳትሉ። ተፎካካሪዎቹን አውርዳችሁ ሞክሯቸው፣ የሚበልጡባችሁንም ሳታፍሩ ተናገሩ። የማታውቁትን "አላውቅም" ማለትም ነጥብ አያስቀንስም። ዳኛ የሚናደደው ሲዋሹት ነው።

አፓችሁ ለማን እንደሆነ ግን አልጻፍሽም። እሱን ጻፊልኝና የሚሞክሩላችሁን ሰዎች የት እንደምታገኙ አብረን እናስብ።