ከዘፋኙ ጀርባ ያለውን ስም ፈልጉ፦ ስለ አዳዲስ ሙዚቃ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የሚሽከረከሩ ናቸው። ትልቅ አሳታሚ ሳይኖራቸው በራሳቸው ገንዘብ የሚሠሩ የአገራችን ሙዚቀኞች አዲስ ሥራ ሲያወጡ እንዴት እንስማ የሚሉ ናቸው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬ፣ አንዳንዶቹንም በራሴ አነጋገር ጽፌ አቅርቤያለሁ።

ከሐዋሳ የጻፈ ወጣት፦ ዩቲዩብ በከፈትኩ ቁጥር የሚመጡልኝ እነዚያው አምስት ዘፋኞች ናቸው። አዲስ ሰው ጠፍቶ ነው ወይስ እኔ ነኝ መፈለግ ያልቻልኩት?

አዲስ ሰውማ ሞልቷል። ዩቲዩብ ግን የሚያቀርብልህ ትናንት የሰማኸውን የሚመስለውን ነው፤ አምስቱን ብቻ ከሰማህ አምስቱን ይደጋግምልሃል። ስለዚህ ፍለጋህን ከዘፋኙ ሳይሆን ዘፈኑን ከሠሩት ሰዎች ጀምር። በጣም የምትወደውን አንድ ዘፈን ክፈትና ከቪዲዮው ሥር ያለውን ጽሑፍ እስከ ታች አንብበው። ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሊት፣ ቅንብር እገሌ፣ ቤዝ ጊታር፣ ሳክስፎን፣ ሚክሲንግና ማስተሪንግ እያለ ይዘረዝራል። ከዚያ የአቀናባሪውን ስም ገልብጠህ መፈለጊያው ላይ ለጥፈው። በአንድ ምሽት ሰምተሃቸው የማታውቃቸው ሦስት አራት ድምፃውያን ይወጡልሃል፤ ጣዕማቸውም ከምትወደው ብዙ አይርቅም።

ይህ ዘዴ በካሴት ዘመንም ይሠራ ነበር። የአቀናባሪውን የኤልያስ መልካን ስም ከካሴት ሽፋን ላይ እያነበበ የተከተለ አድማጭ ከጎሳዬ ተስፋዬ ተነስቶ ዘሪቱ ከበደን፣ ሚካያ በኃይሉንና እዮብ መኮንንን ገና አልበማቸው በወጣ ሰሞን ያገኛቸው ነበር። ማንም ሳያስተዋውቀው፣ በአንድ አቀናባሪ ስም ብቻ።

አጻጻፍም ላይ ተጠንቀቅ። ስሙን በፊደልም በላቲንም ሞክር። “ፀጋዬ” በላቲን ሦስት አራት ዓይነት ይጻፋል፤ በፊደልም ቢሆን አንዱ በ“ጸ” ሌላው በ“ፀ” ያስገባዋል። የእኛ ስም የራስና የአባት ስለሆነ ሞክሼ ብዙ ነው፤ መተግበሪያዎቹም የሁለት ሰዎችን ሥራ በአንድ ገጽ ያጭቁታል። ስለዚህ ሙዚቀኛው በራሱ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ላይ ባስቀመጠው ሊንክ ግባ።

አንድ አንባቢ፦ አዲስ ዘፈን የሚወጣበት ቀን አለው?

በዓለም አቀፍ ደረጃ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2015 ጀምሮ የተለመደው ቀን ዓርብ ነው። የእኛ ሙዚቀኞች ግን በዓልን ያያሉ። አልበም ሲጠበቅ የሚከርመው ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ ነው፤ በዐቢይ ጾም ነገሩ ቀዝቀዝ ይልና በፋሲካ ዋዜማ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይወጣል። እዚያ ግርግር ውስጥ ትልቅ ስም የሌለው ሰው ይዋጣል። በዓሉ ካለፈ ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ ፈልጉ፤ ያመለጣችሁን የምታገኙት ያኔ ነው።

ሌላ አንባቢ፦ ሦስት ዘፈን ያለበት ሥራ አልበም ይባላል?

አይባልም፤ ብዙ ጊዜ ኢፒ፣ ማለትም ከነጠላ ዘፈን የሚበልጥ ከአልበም ግን የሚያንስ አጭር ስብስብ፣ ነው የሚባለው።

ከጎንደር አንድ የዕድሜ ባለጸጋ፦ ይሄ “ኢንዲፔንደንት” የምትሉት ነገር የፈረንጅ ፋሽን አይደለም ወይ? በእኛ ጊዜ ዘፋኝ ወይ ክቡር ዘበኛ ነው፣ ወይ ፖሊስ ኦርኬስትራ፣ ወይ ሀገር ፍቅር።

አባቴ፣ በእርስዎ ጊዜ ነው የተጀመረው። ሸክላ የማሳተም መብት በንጉሡ ዘመን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምኃ እሸቴ የተባለ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ሙዚቃ ሻጭ እ.ኤ.አ. በ1969 ያንን ክልከላ ደፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ በራሱ ገንዘብ አወጣ። እስከ 1975 ድረስ 103 ነጠላ ሸክላዎችና 12 ኤልፒዎች (ሙሉ አልበም የያዙ ሸክላዎች) አሳትሟል። ዛሬ ዓለም “የኢትዮጵያ ወርቃማ ዘመን” እያለ ከሚያዳምጠው ሙዚቃ ብዙው ከዚያ ቤት የወጣ ነው። የዛሬዎቹ ልጆች መኝታ ክፍላቸው ውስጥ በላፕቶፕ ቢሠሩም የተከተሉት መንገድ ያው ነው፤ ፈቃድ የሚሰጣቸውን ትልቅ ቤት ሳይጠብቁ ማውጣት።

ከደሴ የጻፈች አንባቢ፦ ወንድሜ አዲስ አልበም በወጣ ቁጥር ሙሉውን በቴሌግራም ይልክልኛል፤ እኔም ለጓደኞቼ አስተላልፋለሁ። ዘፋኙን በነፃ እያስተዋወቅንለት አይደለም? ደግሞስ ዘፋኝ መች ገንዘብ ያጣል?

የመጨረሻዋን ጥያቄ ሳነብ ተናድጃለሁ፤ ስለዚህ ከእሷ ልጀምር። በራሱ የሚሠራ ሙዚቀኛ ለስቱዲዮ ይከፍላል፣ ለአቀናባሪ ይከፍላል፣ ለሚክሲንግና ለማስተሪንግ ይከፍላል፣ ክሊፕ ካሠራ ደግሞ ከሁሉም የሚበልጠው ወጪ እሱ ነው። ይህን ሁሉ ያወጣው ከደመወዙ፣ ከሠርግ ሥራው፣ አንዳንዴም ከቤተሰብ ተበድሮ ነው። ሀብታም ዘፋኝ አለ፤ አንቺ የምታስተላልፊው አብዛኛው ግን የእሱ አይደለም።

አሁን ወደ “ማስተዋወቁ” እንምጣ። ወንድምሽ የላከልሽን ፋይል አንዱን ነክተሽ እዪው። የአርቲስቱ ስም መቀመጥ ባለበት ቦታ የቻናሉ አድራሻ ተጽፏል። የአልበሙ ምስል ላይ የቻናሉ ዓርማ ታትሟል። የዘፈኑ ርዕስ “ትራክ 04” ሆኗል። የግጥሙ፣ የዜማው፣ የቅንብሩ ባለቤቶች ድራሻቸው የለም። ታዲያ የተዋወቀው ማን ነው? ጓደኛሽ ዘፈኑን ወድዳው የዚያኑ ሰው ሌላ ሥራ ልፈልግ ብትል በምን ስም ትፈልገው?

ስም እንዴት ያለ ጉልበት እንዳለው የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ያሳያል። የዋሊያስ ባንድ አባል የነበረው ይህ ሰው አሜሪካ ቀርቶ በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ይኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 የሠራውን ካሴት ከዓመታት በኋላ አንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ሱቅ ውስጥ አገኘው። በስሙ ፈልጎ ደወለለት። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ፣ በ2018 ደግሞ አዲስ አልበም አወጣ። ያ ካሴት ስም ባይኖረው ኖሮ ስልኩ አይደወልም ነበር።

በዚህ ላይ የሒሳቡ ጉዳይ አለ። በቴሌግራም የሚሰማ ዘፈን የትም አይቆጠርም። የሙዚቃ መተግበሪያው ስፖቲፋይ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን አይከፍልም። ለታወቀ ሰው አንድ ሺህ ምንም አይደለም፤ ለጀማሪ ግን የአንቺና የጓደኞችሽ ማዳመጥ እዚያ ቁጥር ላይ የሚያደርሰው ወይም የሚያስቀረው ነው። ሙዚቀኛው ወደ ኮንሰርት አዘጋጅ ሲሄድም “ስንት ሰው ይሰማሃል?” ይባላል። አሥር ሺህ ሰው በቴሌግራም ሰምቶት እሱ የሚያሳየው ሁለት መቶ ነው። ሕጉም ቢሆን ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ማሰራጨትን ይከለክላል።

ገንዘብ ለሌለው ሰው ክፈል እያልኩ አይደለም። በሙዚቀኛው በራሱ የዩቲዩብ ቻናል መስማት ነፃ ነው፤ ይቆጠርለታልም። የምለምንሽ ይህን ነው፦ ፋይል ሳይሆን ሊንክ ላኪ፤ ከሊንኩ ጋር የዘፋኙንና የአቀናባሪውን ስም በአንድ መስመር ጻፊ። መግዛት የምትችዪ ከሆነ ደግሞ የአገር ውስጥ መተግበሪያዎች አሉ። ቀደም ብዬ ያነሳሁት ኤልያስ መልካ ከሙያ ጓደኞቹ ጋር አውታርን ያቋቋመው ሕዝቡ ዘፈን በሕጋዊ መንገድ በጥቂት ብር እንዲገዛ ብሎ ነው፤ መተግበሪያው እ.ኤ.አ. በ2019 ሥራ ጀመረ፣ ኤልያስም በዚያው ዓመት አረፈ። ከዚያ በኋላ ሰዋስው መጥቷል። ለወንድምሽም ይህን መልስ አስነብቢልኝ።

ከጅዳ የጻፈች እህት፦ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ዳታ ውድ ነው፣ ዋይፋይ የማገኘው አልፎ አልፎ ነው። አዲስ ነገር መስማት ግን በጣም እወዳለሁ።

እህቴ፣ ዳታሽን የሚበላው ምስሉ እንጂ ድምፁ አይደለም። የአራት ደቂቃ ዘፈን ድምፁ ብቻ በ96 ኪሎቢት ሲሰማ 3 ሜጋባይት ገደማ ነው የሚወስደው፤ ክሊፑ ጥራት ባለው ምስል ሲታይ የዚህን ብዙ እጥፍ ይወስዳል። ዩቲዩብ ላይ ከሆንሽ ጥራቱን ወደ 144 ዝቅ አድርጊው። ዋይፋይ ባገኘሽ ጊዜ አዳዲሶቹን ፈልገሽ ሊንኩን አስቀምጪ፣ የገዛሻቸውን አውርጂ፤ በሥራ ቀን ያወረድሽውን ስሚ። ከጅዳ ሆነሽ ለአንድ ጀማሪ የምትጽፊለት አስተያየትም ትልቅ ነገር ነው፤ ሙዚቀኞች ከየት አገር እንደሚሰሙ በጉጉት ያያሉ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ካርድ አለኝ፣ መክፈል እፈልጋለሁ። ብዙው ገንዘብ ለሙዚቀኛው የሚደርሰው በየት በኩል ነው?

ሙዚቀኛው ባንድካምፕ (ሙዚቀኞች ሥራቸውን ለአድማጭ በቀጥታ የሚሸጡበት ድረ ገጽ) ላይ ካለ ከዚያ ግዙ። ከዲጂታል ሽያጭ 15 በመቶ ነው የሚወስደው፤ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2020 ጀምሮ ደግሞ “ባንድካምፕ ፍራይደይ” በሚባሉ የተመረጡ ዓርቦች ድርሻውን ይተዋል። ከዋጋው በላይ መክፈልም ይቻላል። እዚያ ከሌለ በገጹ ጻፉለትና በምን መቀበል እንደሚችል ጠይቁት።

ከጅማ፦ ክራርና ማሲንቆን ከኤሌክትሮኒክ ድምፅ ጋር የሚቀላቅሉ ኢትዮጵያውያን አሉ?

አሉ፤ ከጀመሩት መካከል ናቸውና ከሁለቱ ተነስ። አንዱ “ኢትዮጵያን ሪከርድስ” በሚል ስም የሚሠራው እንደገና ሙሉ የተባለ ሙዚቀኛ ነው፤ ሌላው እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራው በኒው ዮርክ አሳታሚ የወጣለት ሚካኤል ሰይፉ። ሁለቱም የማሲንቆውን ድምፅ እንደ ጌጥ ጣል አያደርጉትም፤ ምቱ ራሱ የሚነሳው ከአገሩ ሙዚቃ ነው። በጆሮ ማዳመጫ ስማቸው፤ በስልክ ስፒከር ግማሹ ይጠፋል።

አንድ አንባቢ፦ ስልኬ ዘፈን ሲከፈት ስፒከሩ ይንጫጫል።

ስልክ ጠጋኝ ዘንድ ውሰደው።

ከአዲስ አበባ፦ በአካል የት ሄጄ ልስማቸው?

ፒያሳ ያለው አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝና የጀርመን የባህል ተቋም ጎተ ለወጣት ሙዚቀኞች መድረክ ይሰጣሉ፤ የወር ፕሮግራማቸውን ተከታተል። ካዛንቺስ የነበረው የዳንሰኛው የመላኩ በላይ ፈንድቃ የባህል ማዕከል በ2017 ዓ.ም. ፈርሷል፤ ወደ ድሮው ቦታ ከመሄድህ በፊት ገጻቸውን እይ። የሆቴልና የክለብ ባንዶችንም አትናቅ። በሳምንቱ መካከል፣ ሰው ባነሰበት ምሽት፣ የሌላ ሰው ዘፈን ሲጫወት ያመሸ ባንድ የራሱን አዲስ ሥራ የሚሞክረው ያኔ ነው። ሲያርፉ ጠጋ ብለህ “ይሄኛው የማን ነው?” በላቸው፤ ደስ ብሏቸው ይነግሩሃል።

ከአዲስ አበባ፣ ሌላ አንባቢ፦ አንድ አዲስ ባንድ ለመስማት ድምፅ ማጉያው ሥር ቆሜ አመሸሁ። አራተኛ ቀኔ ነው፤ ጆሮዬ ይጮኻል፣ በግራው በደንብ አልሰማም። የሞቀ ዘይት ልጨምርበት?

በፍጹም! ዘይትም፣ ነጭ ሽንኩርትም፣ ሌላም ምንም እንዳትጨምሪ። የአንድ ጆሮ መስማት በድንገት ሲቀንስ ሕክምናው የሚረዳው በቶሎ ሲጀመር ነው፤ ቀናት ባለፉ ቁጥር ዕድሉ እየጠበበ ይሄዳል። ዛሬውኑ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። “ይተወኛል” ብለሽ እንዳትጠብቂ። ለሌሎቻችሁም፦ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው መመሪያ የኮንሰርት ድምፅ በአማካይ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል። እኛ ዘንድ የሚለካው ስለሌለ ከማጉያው ራቁ፣ የጆሮ መድፈኛም ያዙ።

ከአዳማ ወጣት ድምፃዊ፦ አንድ የዩቲዩብ ቻናል ባለቤት ክሊፔን በነፃ ሊያሠራልኝ ነው። በምትኩ አንድ ወረቀት ፈርም ብሎኛል፤ “ሙሉ መብት ለዘለዓለም” ይላል። ልፈርም?

አሁን አትፈርም። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የከዋኝ፣ ማለትም ዘፍኖ ወይም ተጫውቶ የሚያቀርበው ሰው፣ መብት ለ50 ዓመት ይጠበቃል፤ የግጥምና የዜማ ደራሲ መብት ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ፣ ከሞተም በኋላ ለወራሾቹ 50 ዓመት ይዘልቃል። አንድ ክሊፕ ከዚህ ጋር የሚመዛዘን አይደለም። ሰውየው ዘፈኑን በቻናሉ ለተወሰነ ዓመት ማሳየት ይችላል፤ ገቢውን በስንት በስንት እንደምትካፈሉ፣ የጥሪ ማሳመሪያው የማን እንደሆነ፣ የአንተና የአቀናባሪህ ስም በየትኛው ቦታ እንደሚጻፍ ግን በጽሑፍ መቀመጥ አለበት። ግጥሙና ዜማው የሌላ ሰው ከሆነም አንተ የሌለህን መብት ልትሰጥ አትችልም።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ ይህን የምልህም ለወግ ያህል አይደለም። ወረቀቱን ይዘህ በአእምሯዊ ንብረት ጉዳይ የሠራ የሕግ ባለሙያ ፈልግ። ለጠበቃ የምትከፍለው ከሌለህ ብዙ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አላቸው፤ እዚያ አስነብበው። ሰውየው “ዛሬ ካልፈረምክ ይቀራል” ካለህ ይቅር፤ ክሊፑን በስልክህ ቅረፀው።