ግማሽ ላይ የሚቆም ባክአፕ፦ ያስቸገረው የትኛው ዲስክ ነው?

ጥያቄ፦ የፎቶ ስቱዲዮ አለኝ። ዴስክቶፕ ላይ ያለውን ወደ 600 ጊጋባይት የሚጠጋ ፎቶና ቪዲዮ አዲስ በገዛሁት 1 ቴራባይት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ባክአፕ ለማድረግ ኮፒ ሳደርግ መጀመሪያ ላይ ጥሩ ይሄዳል። ግማሹን ካለፈ በኋላ ፍጥነቱ እየወረደ ዜሮ ይሆንና እዚያው ስታክ ያደርጋል። ኤረር አያሳይም። ካንስል አድርጌ እንደገና ብጀምረውም ያው ነው። የምጠቀመው ዊንዶውስ 10 ነው። ኤክስተርናሉን ልመልሰው?

መልስ፦ ገና አይመልሱት። ካንስል እያደረጉ ከዜሮ መጀመሩን ግን ዛሬውኑ ያቁሙ። ኮፒ ሲደረግ የሚሠሩት ዲስኮች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ያነባል፣ አንዱ ይጽፋል። ሰው ቶሎ የሚጠረጥረው አዲስ የገዛውን ዕቃ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ዓመታት ያገለገለው የውስጡ ዲስክ ነው። እሱ እየደከመ ከሆነ በእያንዳንዱ ሙከራ 300 እና 400 ጊጋ እንደ አዲስ እንዲያነብ እያስገደዱት ነው፤ የቀረችው አቅም በማያልቅ ሙከራ ላይ ትጠፋለች።

ኮፒው ቀጥ ባለበት ሰዓት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ይጫኑ። ታስክ ማናጀር ሲከፈት ፐርፎርማንስ የሚለውን ይንኩና ሁለቱን ዲስኮች ተራ በተራ ይመልከቱ። የውስጡ ዲስክ አክቲቭ ታይሙ 100 ፐርሰንት ሆኖ የሚያነበው ዜሮ ከሆነ፣ አቬሬጅ ሪስፖንስ ታይሙም በሺህ ሚሊሰከንድ የሚቆጠር ከሆነ፣ ማንበብ አቅቶት የሚታገለው እሱ ነው። የውስጡ ሥራ ፈትቶ ኤክስተርናሉ 100 ላይ ከተሰቀለ ችግሩ መጻፉ ላይ ነው። ሁለቱም ዜሮ ላይ ከተኙ ዲስኮቹን ይተዉና ዩኤስቢውን ወይም አንቲቫይረሱን ይጠርጥሩ።

የሚቆምበት ቦታም ይናገራል። በኮፒው መስኮት ላይ ሞር ዲቴይልስ የሚለውን ሲጫኑ በዚያ ሰዓት እየተገለበጠ ያለው ፋይል ስም ይወጣል፤ ወረቀት ላይ ይያዙት። ሁልጊዜ አንድ ፋይል ላይ የሚቆም ከሆነ ፋይሉ ያረፈበት ሴክተር (ዲስኩ ላይ መረጃ የሚቀመጥባት ትንሽ ክፋይ) ተበላሽቷል ብለው ይነሱ። ፋይሉ እየተለያየ ግን የተወሰነ ያህል ጊጋ ከሄደ በኋላ የሚቆም ከሆነ ጉዳዩ የኤክስተርናሉ ነው።

መጀመሪያ የውስጡን እናጣራ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን የዲስክ ጤና የሚያሳይ ነፃ ፕሮግራም ይጫኑና አራት መስመሮች ብቻ ይፈልጉ፦ 05፣ ሲ5፣ ሲ6 እና ሲ7። የሚነበበው መጨረሻ ላይ ያለው የሮው ቫልዩ ዓምድ ነው። 05 ዲስኩ ራሱ በመጠባበቂያ የተካቸውን፣ ሲ6 ጨርሶ ሊነበቡ ያልቻሉትን ሴክተሮች ይቆጥራሉ። ሲ5 ደግሞ ማንበብ አቅቶት በይደር የያዛቸውን ነው፤ ለእርስዎ ዋናው ይሄ ነው። ከዜሮ ከበለጠ ኮፒው ለምን ያለ ኤረር እንደሚቆም ገባን ማለት ነው፦ ዲስኩ አንዷን ሴክተር ደጋግሞ ለማንበብ ይሞክራል፣ ዊንዶውስም መልስ ይጠብቃል፣ እርስዎ የሚያዩት ግን የቆመ መስመር ብቻ ነው። ዊንዶውስ የገጠመውን ችግር በሚመዘግብበት ኢቨንት ቪውወር ውስጥ ሲስተም በሚለው ሥር ከዲስክ የመጡ 7 እና 153 ቁጥር መልእክቶች ካሉም ያረጋግጥልዎታል፤ 7 የተበላሸ ብሎክ ነው፣ 153 ደግሞ ንባቡ ወይም ጽሑፉ እንደገና እንደተሞከረ ይገልጻል። ሲ7 ብቻውን እየጨመረ ከሆነ ግን ደስ ይበልዎ፤ አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘው የሳታ ገመድ ነው። ቁጥሩ አንዴ ከተቆጠረ ስለማይቀንስ መዝግበው ይያዙት፣ ገመዱን ይቀይሩ፣ ከዚያ መጨመር አለመጨመሩን ይዩ።

ሲ5 ላይ ቁጥር ካለ ብዙ ሰው ወዲያው የሚመክርዎት የዊንዶውስን የዲስክ መመርመሪያ፣ ቼክ ዲስክን፣ በስላሽ አር ማስኬድ ነው። እኔ ከኮፒ በፊት አላደርገውም። ሙሉውን ዲስክ ከዳር እስከ ዳር ያነባል፤ ለደከመ ዲስክ ይህ ከባድ ሥራ ነው፣ በዚያ ላይ የፋይል ሰንጠረዡን ሲያስተካክል የሚነካው ነገር አለ። ፎቶው ከወጣ በኋላ እንደፈለጉ ያስኪዱት።

ፎቶውን ለማውጣት ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን ሮቦኮፒ የሚባል የኮፒ ትዕዛዝ ይጠቀሙ። ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍተው በእንግሊዝኛ ፊደል ሮቦኮፒ ብለው ይጻፉ፤ ቀጥሎ የምንጩን ፎልደር፣ ቀጥሎ የመድረሻውን፤ በስማቸው መሐል ክፍት ቦታ ካለ በትእምርተ ጥቅስ ይክበቧቸው። ከዚያ በየመሐሉ ክፍት ቦታ እየተዉ ስላሽ ኢ፣ ስላሽ አር ኮለን 1፣ ስላሽ ደብሊው ኮለን 1፣ በመጨረሻም ስላሽ ሎግ ኮለን ብለው የሪፖርቱን ፋይል አድራሻ ይስጡ። ስላሽ ኢ የውስጥ ፎልደሮችን ሁሉ ያካትታል። አር እና ደብሊው የግድ ናቸው፤ ካልሰጡት ሮቦኮፒ ያቃተውን ፋይል 1 ሚሊዮን ጊዜ ይሞክራል፣ በየመሐሉም 30 ሰከንድ ይጠብቃል። ሲባዛ ለአንድ የተበላሸ ፎቶ ከ11 ወር በላይ ነው! በሮቦኮፒ የተሠራ ባክአፕ «ቆመ» የሚባለው ብዙ ጊዜ በዚሁ ምክንያት ነው። በ1 እና በ1 ሲታሰር ግን አንዴ ደግሞ ሞክሮ ያልፋል፤ መብራት ቢጠፋና ትዕዛዙን ቢደግሙትም ቀድሞ በትክክል የተገለበጠውን እየዘለለ ከቀረው ይቀጥላል። ስላሽ ሚር የሚለውን ግን አይንኩ። ምንጩ ላይ የሌለውን ከመድረሻው ይሰርዛል፤ ሁለቱን አድራሻ ቢያቀያይሩ ባዶው ኤክስተርናል ስቱዲዮዎን ያጸዳልዎታል።

በአንድ ትዕዛዝ ሁሉንም አይጫኑበት። ለደንበኛ ገና ያልተረከበውን ሥራ ያስቀድሙ፣ ከዚያ ወደ ቆየው ይሂዱ። ላይትሩም የሚባለውን የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም የሚጠቀሙ ከሆነ የፕሪቪው ፎልደሩን ይተዉት፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎች ሊኖሩት ይችላሉ፣ ኮፒውንም ያንቀራፍፈዋል፣ ቢጠፋም ላይትሩም ራሱ መልሶ ይሠራዋል። የፎቶዎቹ ዝርዝርና የሠሩት ማስተካከያ የሚቀመጥበትን ካታሎጉን ግን እንዳይረሱ።

የውስጡ ዲስክ ንጹህ ከሆነ ወደ ኤክስተርናሉ እንምጣ። ብዙዎቹ የኪስ ሃርድ ዲስኮች ኤስኤምአር በሚባለው አሠራር የተሠሩ ናቸው፤ የመረጃው መስመሮች እንደ ቆርቆሮ ክዳን አንዱ የሌላውን ጠርዝ ደርቦ ይተኛል። አንዱን መስመር ለማረም የተደረቡትም እንደገና መጻፍ ስላለባቸው ዲስኩ አዲሱን መረጃ መጀመሪያ ለብቻው በተያዘ ቦታ ይቀበልና ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ያዘዋውራል። ያ ቦታ ሲሞላ ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ ጥቂት ሜጋባይት ሊወርድ፣ አልፎም ቀጥ ሊል ይችላል። ብልሽት አይደለም። ሲቆም ሳይነቅሉ 20 ደቂቃ ይተዉት፤ የዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ቆይቶ ራሱ ከቀጠለ ይኸው ነው። በ100 በ100 ጊጋ ከፋፍለው እያሳረፉ ይላኩለት።

ቀጥሎ ኃይል። የዩኤስቢ 2 ፖርት የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር፣ የዩኤስቢ 3 ደግሞ 900 ነው፤ የኪስ ዲስክ በተለይ ሲነሳና ረጅም ሰዓት ሲጽፍ ይህን ይፈልጋል። የዴስክቶፕ የፊት ፖርት ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በቀጭን ሽቦ ነው። ከጀርባ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ባለው ሰማያዊ ፖርት፣ አብሮ በመጣው አጭር ገመድ ይሰኩት፤ ማስረዘሚያም ሆነ ያለ ቻርጀር የሚሠራ ሃብ (የዩኤስቢ ማከፋፈያ) በመሐል አይግባ። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ካለ ወይም ዊንዶውስ ዩኤስቢ ሲሰካ የሚያሰማውን ድምፅ በመሐል ካሰማ፣ ኢቨንት ቪውወር ላይም 157 ከታየ፣ ዲስኩ ለአፍታ እየተቋረጠ ነው። በተጨማሪ ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ዩኤስቢ ሰሌክቲቭ ሰስፔንድን ዲስኤብል፣ ስሊፕን ኔቨር ያድርጉ። አንቲቫይረሱን ኢንተርኔት ነቅለው ለአንድ ሙከራ ብቻ ቢያጠፉት ይበቃል።

ከገበያ በርካሽ የተገዛ ከሆነ ሐሰተኛ መጠን የተጻፈበት ሊሆንም ይችላል። ኤች2 ቴስት ደብሊው የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ዲስኩን ሞልቶ ይጽፍና መልሶ ያነባል፤ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ቢሄድ 1 ቴራባይቱን ለመጻፍ 3 ሰዓት ገደማ፣ ለማንበብም ያንኑ ያህል ይፈጃል። ዲስኩን ሙሉ በሙሉ የሚፈትነው ባዶ ሲሆን ነው። «ልመልሰው?» ላሉት መልሱን የሚሰጥዎ ይሄ ፈተና ነው፤ ካለፈ ኤክስተርናሉ ነፃ ነው።

ሮቦኮፒው ሲያልቅ የሎግ ፋይሉን ከፍተው ከታች ያለውን ሰንጠረዥ ይዩ። ፌይልድ በሚለው ዓምድ ሥር፣ በፋይልስ መስመር ላይ ዜሮ ካለ ሁሉም ወጥቷል። ቁጥር ካለ ከላይ ኤረር ብሎ የመዘገባቸውን ስሞች እየቆጠሩ ያውጡና ከካሜራው ካርድ ወይም ለደንበኛ ከሰጡት ፍላሽ ይፈልጓቸው፤ ካርዱንም ያንን ሳያጣሩ ፎርማት እንዳያደርጉት።