ልትዘምቱ ለምታስቡ ልጆቼ

ውድ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን ታሪክ በማስተማር አሳልፌ ጡረታ ወጥቻለሁ። የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ አሁን አሁን ደግሞ የእነርሱ ልጆች እየመጡ «ጋሼ፣ አገር ሲታመስ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ይቻላል ወይ? ልዝመት?» ይሉኛል። ሂድ ወይም ቅር ብዬ ለማንም ወስኜ አላውቅም። በእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ በፈቃዱ የዘመተ ሰው ምን እንደሚገጥመው ሳታውቁ እንድትወስኑ ግን አልፈልግም። ምሳሌዬን ከሩቅ አገር አመጣለሁ፤ የራሳችንን ጦርነት ካነሣሁ ከመጀመሪያው መስመር ጎራ ለይታችሁ ታነቡኛላችሁ። ዘመኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

አገሩ ስፔን ነው። በሐምሌ 1936 ጄኔራሎች በሪፐብሊኩ መንግሥት ላይ አመፁ፤ ጦርነቱ እስከ 1939 ዘለቀ። ሂትለርና ሙሶሊኒ ለአመፀኞቹ መሪ ለጄኔራል ፍራንኮ አውሮፕላንና ጦር ላኩ። ለሪፐብሊኩ ደግሞ ከሃምሳ በላይ አገሮች የመጡ 35,000 ያህል ፈቃደኞች ተሰለፉ። ከአሜሪካ ብቻ 2,800 ያህል ሄደዋል። ፓስፖርታቸው ላይ «ወደ ስፔን ለመጓዝ አያገለግልም» የሚል ማኅተም ስለሚመታበት ብዙዎቹ በፈረንሳይ በኩል የፒሬኒስን ተራራ በሌሊት በእግራቸው ነው የተሻገሩት።

ከአሜሪካውያኑ መካከል ሰማንያ የሚሆኑት ጥቁሮች ነበሩ። ብዙዎቹን ያንገበገባቸው የእኛው ጉዳይ ነው። ሙሶሊኒ በ1935 ሲወረን በሺህ የሚቆጠሩ ጥቁር አሜሪካውያን ለኢትዮጵያ እንዝመት ብለው ተነሥተው ነበር፤ የአገራቸው ሕግ በባዕድ ጦር መመዝገብን ስለሚከለክል ቀሩ። እንደ አብራሪው ጆን ሮቢንሰን እዚህ ደርሶ ያገለገለ ጥቂት ነው። አዲስ አበባ በግንቦት 1936 በጠላት እጅ ወደቀች፤ የስፔን ጦርነት ሦስት ወር ሳይሞላ ፈነዳ። ሙሶሊኒ እዚያም አለ ሲባል ጊዜ ሄዱ።

ኦሊቨር ሎውን እወቁልኝ። ቴክሳስ የተወለደ፣ በአሜሪካ ጦር የጥቁሮች ሬጅመንት ውስጥ ለዓመታት ያገለገለ ሰው ነው። በነሐሴ 1935 ቺካጎ ውስጥ ጣሊያን በኢትዮጵያ ላይ ልትጀምር የነበረውን ወረራ ለመቃወም በተጠራ ሰልፍ ላይ ሲናገር ፖሊስ ይዞታል። በ1937 ስፔን ዘመተ፤ አሜሪካውያኑ ፈቃደኞች የተሰለፉበት የሊንከን ሻለቃ አዛዥ እስከ መሆን ደረሰ። በአሜሪካ ታሪክ ነጭና ጥቁር የተቀላቀሉበትን ሻለቃ በጦር ሜዳ የመራ የመጀመሪያው ጥቁር እርሱ ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ በብሩኔቴ ውጊያ ወታደሮቹን ከፊት እየመራ ወደቀ። ይህን ሰው አከብረዋለሁ። ጠመንጃ ከማንሣቱ በፊት ስለዚያው ጉዳይ ባዶ እጁን አደባባይ ወጥቶ ታስሯል፤ የሚገባበትንም ያውቅ ነበር፣ የሠለጠነ ወታደር ነውና።

አብረውት የሄዱት ሁሉ እንደ እርሱ አልነበሩም። ተማሪዎችና መርከበኞች፣ መሣሪያ ነክተው የማያውቁ ልጆች ይበዙባቸው ነበር። አንዳንዶቹ ወደ ግንባር እየተጓዙ ጥቂት ጥይት ኮረብታ ላይ ከመተኮስ ያለፈ ልምምድ አላደረጉም። የካቲት 27 ቀን 1937 በሃራማ ሸለቆ የጠላትን ምሽግ እንዲያጠቁ ታዘዙ። ይመጣል የተባለው የአውሮፕላንና የመድፍ ድጋፍ እንደታሰበው አልመጣም። የሻለቃው አዛዥ በስልክ ተቃወመ፤ መልሱ «አጥቃ» ነበር። ታዘዘ። እርሱ ቆሰለ፣ ከመቶ በላይ ልጆች በመትረየስ ታጭደው ቀሩ።

ልነግራችሁ የምፈልገው ይኼን ነው፤ ፈቃዳችሁ የሚሠራው አንድ ጊዜ፣ ስትመዘገቡ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ወዴት እንደምትሄዱ፣ ማን ላይ እንደምትተኩሱ፣ መቼ እንደምትመለሱ የሚወስነው ሌላ ሰው ነው። የስፔን ፈቃደኞች ብዙዎቹ ከጥቂት ወራት በኋላ የምንመለስ መስሏቸው ነበር። ልሂድ ሲሉ አይቻልም ተባሉ፤ የከዱ ታሰሩ፣ የተገደሉም አሉ። ፓስፖርታቸው እንኳ የራሳቸው ሆኖ አልቀረም። በ1940 ሜክሲኮ ውስጥ የስታሊንን ባላንጣ፣ የሩሲያውን አብዮተኛ ትሮትስኪን የገደለው ሰው የተጓዘበት ፓስፖርት ስፔን ውስጥ የሞተ የአንድ ካናዳዊ ፈቃደኛ ነበር። ያ ልጅ ሲዘምት ስሙ ለዚህ ይውላል ብሎ አስቦ ይሆን?

ሁለተኛው ነገር ፊት ለፊታችሁ የሚቆመው ሰው ነው። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ምክንያቱም እየተዘፈነለት ሲዘምት የማየው ወጣት ሁሉ ጠላቱን እንደ እርሱ አምኖ የመጣ አድርጎ ነው የሚስለው። በስፔን ሁለቱም ወገኖች ዕድሜው የደረሰውን ሁሉ በግዴታ ይመለምሉ ነበር። አንድ ገበሬ የማን ወታደር እንደሚሆን የሚወስነው በዚያ ሐምሌ መንደሩ በማን እጅ መውደቋ ነበር። ወንድማማቾች በዚህ ምክንያት ብቻ በተቃራኒ ምሽግ ውስጥ ገብተዋል። በመጋቢት 1937 ጓዳላሃራ ላይ ደግሞ የሙሶሊኒ ወታደሮችና ለሪፐብሊኩ የዘመቱ ጣሊያናውያን ተገናኙ፤ ፈቃደኞቹ በድምፅ ማጉያ፣ በእናታቸው ቋንቋ፣ «እጃችሁን ስጡ» እያሉ ይጣሯቸው ነበር። የአድዋና የማይጨው አርበኛ ከባሕር ማዶ የመጣ ወራሪ ነው የገጠመው። በእርስ በርስ ጦርነት የምትማርኩት ልጅ ሲያቃስት እናቱን የሚጠራው በእናንተው ቋንቋ ሊሆን ይችላል።

ማገልገል ማለት መተኮስ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሳላሪያ ኪ በኒውዮርክ የጥቁሮች ሰፈር በሐርለም የምትሠራ ነርስ ነበረች። ለኢትዮጵያ የሕክምና እርዳታ ካሰባሰቡት አንዷ ናት፤ በ1937 ስፔን ሄዳ ቁስለኛ አስታማለች። የእርሷም ሙያ ግንባር ያውቃል፤ ሰው ግን አይገድልም።

የመጨረሻው የመመለሱ ነገር ነው። በመስከረም 1938 የስፔን ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ጃንሆይ ከሁለት ዓመት በፊት አቤት ባሉበት በዚያው የመንግሥታት ማኅበር ፊት፣ የውጭ ፈቃደኞችን እንደሚያስወጡ አስታወቁ። በጥቅምት ባርሴሎና በአበባ ሸኘቻቸው። ጀርመኑና ጣሊያኑ ግን የሚመለስበት አገር አልነበረውም፤ ብዙዎች ፈረንሳይ ውስጥ በሽቦ በታጠረ ካምፕ ታጎሩ። አሜሪካውያኑም ለዓመታት በመንግሥታቸው ዘንድ ተጠርጣሪ ሆነው ኖሩ። ስፔን ለተረፉት ዜግነት ልስጣችሁ ያለችው በ1996 ነው፤ አብዛኞቹ አፈር ከለበሱ በኋላ።

እንግዲህ ሊመዘግባችሁ የመጣውን ሰው ጠይቁት። ስንት ወር ታሠለጥኑኛላችሁ? እግሬ ቢቆረጥ ማን ያስታምመኛል? ልመለስ ብል ማን ይፈቅድልኛል? እናቴ ስለ እኔ የምትጠይቀው የትኛው ቢሮ ሄዳ ነው? በጥያቄያችሁ ከተቆጣ ወይም ፈሪ ካላችሁ፣ የዚያን ቀን አትፈርሙ። ከሰፈራችሁ ዘምቶ የተመለሰ ሰው አይጠፋም፤ በየትኛውም ወገን ይሁን እርሱ ዘንድ ሂዱ፣ ስለ ውጊያው ሳይሆን ከተመለሰ በኋላ ስላለፉት ዓመታት ጠይቁት። ጓደኛችሁ ሄዶ ከተመለሰም ስንት ገደልክ አትበሉት። ሥራ እንዲያገኝ፣ ትምህርቱን እንዲቀጥል አግዙት። ንባብ ወይም ሒሳብ ማስታወስ የሚያቅተው ካለ ወደ እኔ ላኩት፤ ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ቤት ነኝ።

መምህራችሁ