ስለ ጃፓን ሕዝቦችና ቋንቋዎች፦ ጥያቄና መልስ

መልስ ሰጪው፦ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አደራችሁን፣ «ጃፓኖች» እያላችሁ በጅምላ አትጠይቁኝ፤ የትኛው ሕዝብ፣ በየትኛው ዘመን የሚለውን ለዩ።

ሀና፦ ጋሼ፣ ጃፓን አንድ ሕዝብና አንድ ቋንቋ ብቻ ያላት አገር አይደለችም?

መልስ፦ አይደለችም። የጃፓኑ ፖለቲከኛ ታሮ አሶ በ2005 ሚኒስትር ሳሉ እንዲያ ብለው ነበር፤ ዩኔስኮ ግን በ2009 የመጥፋት አደጋ ያንዣበበባቸውን 8 የጃፓን ቋንቋዎች መዝግቧል። ከእነዚህ አብዛኞቹ በደቡብ ምዕራብ ያሉት የሪዩኪዩ ደሴቶች ቋንቋዎች ናቸው። ሪዩኪዩ የራሱ ንጉሥ የነበረው አገር ነው፤ በ1879 ተጠቅልሎ ኦኪናዋ የተባለ የጃፓን ክፍለ ግዛት ሆነ። በኋላም በትምህርት ቤት የአገሩን ቋንቋ የተናገረ ልጅ አንገቱ ላይ የእንጨት ሰሌዳ ይንጠለጠልበት ጀመር። ሰሌዳው የሚወልቅለት ሌላ ተናጋሪ ልጅ ሲይዝ ነው። አስቡት እንግዲህ፤ ልጁ ቀኑን ሙሉ የጓደኛውን አፍ ሲጠብቅ ይውላል! መምህሩ ዞር ቢልም ቅጣቱ በልጆቹ መካከል ይዞራል።

ዳንኤል፦ በእኔ ትምህርት ቤትም በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ የተናገረ ይቀጣ ነበር። እንግሊዝኛዬ የተቃናው በዚያ ነው።

ሰብለ፦ እኔ ደግሞ በዚያ ሰበብ ዛሬም ሰው ፊት አንደበቴ ይተሳሰራል። ቅጣትን ትምህርት አትበለው።

ዳንኤል፦ ያለ ጫና ቋንቋ የተማረ ማን አለ?

መልስ፦ ዳንኤል፣ አንተ ቤትህ ስትገባ አማርኛ ይጠብቅሃል። በኦኪናዋ ግን ብዙ ወላጆች ልጆቻቸው እንዳይቸገሩ ብለው ቋንቋውን በቤትም ተዉት። ከአያቱ ጋር በአያቱ ቋንቋ መነጋገር ያቃተው ትውልድ የመጣው እንዲህ ነው። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ብርሃኑ፦ ጃፓኖች የውጭ ሰው ይጠላሉ?

መልስ፦ በጅምላ አትጠይቁ ብያለሁ።

ትዕግሥት፦ እዚያ የተወለደ ልጅ ዜግነት ያገኛል?

መልስ፦ በመወለድ ብቻ አያገኝም። ጃፓን ኮሪያን በቅኝ ግዛት በያዘችበት ዘመን የመጡት ኮሪያውያን በ1952 የጃፓን ዜግነታቸውን አጡ፤ እዚያው የተወለዱ ልጆቻቸውም የውጭ ዜጋ ተባሉ። የቪዛ ጉዳይ ከሆነ ኤምባሲውን ጠይቂ።

ኪሩቤል፦ የሰሜኖቹ አይኑዎችስ በ2019ኙ ሕግ መብታቸው ተከበረ አይደል?

መልስ፦ ነባር ሕዝብ ተብለው ታወቁ፤ መሬታቸውና ወንዛቸው ግን አልተመለሰም። በአባቶቻቸው ወንዝ ሳልሞን የማጥመድ መብት የጠየቁበትን ክስ የሳፖሮ ፍርድ ቤት በ2024 ውድቅ አድርጎታል።

ሀና፦ የኦኪናዋ ቋንቋ ይመለሳል ብለው ያምናሉ?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ነው! ክፍለ ግዛቱ በ2006 ሴፕቴምበር 18ን የደሴቶቹ ቋንቋ ቀን አድርጎ ደንግጓል። ሴፕቴምበር 9ኛው ወር ነው፣ 18ም 10ና 8 ነው፤ 9፣ 10ና 8 ደግሞ «ኩ፣ ቱ፣ ባ» ተብለው ስለሚነበቡ ነው፤ «ኩቱባ» በእነርሱ አፍ ቋንቋ ማለት ነው። እኔ ተስፋ የማደርገው ግን ከበዓሉ ይልቅ ማታ ማታ ለልጅ ልጇ ተረት በምታወራ አያት ነው።

ዮናስ፦ ዘግይቼ ገባሁ። ጃፓን አንድ ሕዝብ ብቻ ናት?

መልስ፦ ከላይ አንብብ።