«ሰው እወዳለሁ» ለሚሉኝ፤ ጥያቄና መልስ

ባለፈው ጽሑፌ መጨረሻ ላይ «ከሌላ ሙያ ወደ ሰው ሀብት አስተዳደር መግባት ይቻላል» ብዬ አንድ ዓረፍተ ነገር ጣል ባደርግ ደብዳቤው ጎረፈ። አብዛኛው ተመሳሳይ ስለሆነ አሳጥሬ፣ አንዳንዱንም አለዝቤ አቀርበዋለሁ። ስድብ የላኩልኝ ሁለት ሰዎች መልስ የሚጠብቁ ስላልመሰለኝ አልፌአቸዋለሁ።

ስምንት ዓመት በባንክ ገንዘብ ከፋይነት የሠሩ ጠያቂ፣ ለሰው ሀብት ክፍል የሚሆን አንድም ልምድ ስለሌላቸው ሲቪያቸው ላይ ምን እንደሚጽፉ ግራ ገብቷቸዋል።

«አንድም» የሚለውን አላምንም። በስምንት ዓመት ውስጥ አዲስ ገቢ አጠገብዎ ተቀምጦ ሥራ አልተማረም? የፈረቃ ድልድል አላወጡም? የተጣሉ ባልደረቦችን ሒሳብ ሳይዘጋ አላስታረቁም? የሰው ሀብት ሥራ ግማሹ ይኸው ነው፤ ሌላው ግማሽ ወረቀት ነው፣ ወረቀት ደግሞ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። «ከሰዎች ጋር ተግባብቼ መሥራት እችላለሁ» የሚለውን ግን ይሰርዙት፤ ይህን ያልጻፈ አመልካች እስካሁን አላጋጠመኝም። ስንት ሰው እንዳሠለጠኑ፣ ምን እንዳስተማሩና በስንት ጊዜ ብቻውን መሥራት እንደቻለ ይጻፉ።

ደግሞ ለምን ከደጅ ይጀምራሉ? አጭሩ መንገድ እርስዎ ባሉበት ሕንፃ ውስጥ ነው። የቅጥር ማስታወቂያ በወጣ ሰሞን የማመልከቻው ክምር ጠረጴዛ ሲሞላ የክፍሉን ኃላፊ «ልርዳችሁ» ይበሏቸው። እምቢ የሚል ኃላፊ አላየሁም። ክፍት ቦታ ሲገኝ ደግሞ መጀመሪያ ትዝ የሚለው ያን ሰሞን የረዳው ሰው ነው።

የ46 ዓመት ሰው ነኝ፤ ረፍዶብኝ ይሆን?

አልረፈደም። ከ25 ዓመት ወጣት ሥር ሆነው ማኅደር መደርደር የሚከፋዎት ከሆነ ግን ከአሁኑ ይተዉት።

«የሠራተኛ አስተዳደር»፣ «የሰው ኃይል»፣ «የሰው ሀብት» የሚባሉት ልዩነታቸው ምንድን ነው?

አብዛኛውን ጊዜ በሩ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ነው። የብሪታንያው የሙያ ማኅበር ሲ.አይ.ፒ.ዲ እ.ኤ.አ. በ1913 ሲቋቋም የሠራተኛ ደኅንነት ተንከባካቢዎች ማኅበር ነበር። የአሜሪካው በ1948 በሠራተኛ አስተዳደር ስም ተመሥርቶ በ1989 «የሰው ሀብት» ተባለ። ስሙ ምንም ይባል፣ የዓመት ፈቃድ የሚቆጥረው ሰው ያው አንድ ሰው ነው።

በሽያጭ ሥራ ላይ ያለች ወጣት ረጅም ደብዳቤ ጽፋልኛለች። ሰው ትወዳለች። ያገኛት ሁሉ ምስጢሩን ያጫውታታል። ሰው ከበር ሲገባ ገና በዓይኗ መዝና ታውቀዋለች። ጓደኞቿም «ለዚህ ሥራ ተፈጥረሻል» ይሏታል።

እህቴ፣ ከሁሉም ደብዳቤ ያስጨነቀኝ ያንቺ ነው፤ እኔም እንዳንቺ ብዬ ነበርና ወደዚህ ሥራ የገባሁት።

መጀመሪያ ስለ ዓይንሽ። ፍራንክ ሽሚትና ጆን ሀንተር እ.ኤ.አ. በ1998 የ85 ዓመት የቅጥር ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ ቀርቦ አስቀድሞ በተወሰነ መለኪያ የሚታረም ቃለ መጠይቅ እንደ ወግ ከሚካሄደው ይልቅ የሰውን የሥራ ውጤት አስቀድሞ ለመገመት እንደሚሻል አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ቺካጎና ቦስተን ላይ ለወጡ የሥራ ማስታወቂያዎች ወደ 5,000 የሚጠጋ የፈጠራ ሲቪ ተልኮ ነበር። ብቃታቸው ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ የነጭ የሚመስል ስም የያዙት የጥቁር የሚመስል ስም ከያዙት 50 በመቶ ያህል የበለጠ የ«ኑ» ጥሪ አገኙ። እነዚያም መራጮች ዓይናቸውን ያምኑ ነበር። ስለዚህ ዓይንሽን አትመኚው፤ የጥያቄ ወረቀት አዘጋጂ።

ቀጥሎ ስለ ፍቅርሽ። መምህርነቴን ትቼ ሥራውን በጀመርኩ በጥቂት ወራት ውስጥ አንዲት ባልደረባ ወደ ቢሮዬ ገብታ በሩን ዘጋችና እርጉዝ መሆኗን ነገረችኝ። ለአለቃዋ ገና አልነገረችም። አቅፌ ሳምኳት። ከሰዓት በኋላ አለቃዋ ለረጅም ሥልጠና የሚላኩትን ሰዎች ዝርዝር ይዞ መጣ፤ ሦስተኛው ተራ ላይ የእሷ ስም አለ። «እሷን ትንሽ ብታሳርፋት አይሻልም?» አልኩት። ምስጢሯን አላወጣሁም፤ እንዲያውም ልደግፋት ነው። ሰውየው ግን ሞኝ አልነበረም። እርሳሱን አንሥቶ ስሟ ላይ መስመር ሲያሰምር አጠገቡ ቆሜ አየሁ። ከሳምንት በኋላ ስትሰማ መጥታ አልጮኸችም። «እኔ ለምኜሽ ነበር?» ብቻ አለችኝ። እርግዝና የሴትን የሥራ ዕድል መንፈጊያ እንዳይሆን የሚደነግገውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት፣ እ.ኤ.አ. የ2000ውን ቁጥር 183፣ አንብቤ ፈተና አልፌበታለሁ። በደግነት ስጥሰው ግን አላወቅሁትም።

ያን ቀን ከፍቅር ይልቅ የሚያስፈልገኝ ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው አፍ መዝጋት ነው። ሁለተኛው ለሁሉም እኩል የሚሠራ መመዘኛ ነው፤ «ዝርዝሩ በምን መስፈርት ወጣ?» ብዬ ብጠይቅ ኖሮ ስሟ አይነካም ነበር። ምስጢር የሚያጫውቱሽ ሰዎች ዛሬ ለጓደኛቸው ነው የሚያወሩት። ያን ወንበር ስትይዢ ግን የምትሰሚበት ጆሮ የአሠሪው ደመወዝ ተከፋይ ነው። አንዷ መጥታ «አለቃዬ ይነካካኛል፤ ለማንም እንዳትነግሪ» ብትልሽ ዝም ማለት አትችዪም፤ መሥሪያ ቤቱ አውቆ እንደተኛ ይቆጠራል። ስለዚህ ገና አፏን ሳትከፍት «የምትነግሪኝን ሁሉ ደብቄ መያዝ ላልችል እችላለሁ» ማለት ይኖርብሻል። ይህን ዓረፍተ ነገር ለምትወጂው ሰው፣ እያለቀሰ፣ መናገር ትችያለሽ?

እንድትመጪ እፈልጋለሁ፤ ግን መጀመሪያ ይህን ሞክሪ። የምታውቂው የሰው ሀብት ሠራተኛ ካለ ደመወዝ ሊከፈል ሁለት ቀን ሲቀረው ስለ ሥራው ጠይቂው። የማንንም ማኅደር እንዲያሳይሽ አትለምኚ፣ ካሳየሽም ከእሱ አትማሪ። የቀሪ መቆጣጠሪያው ከደመወዝ መክፈያው ጋር በግማሽ ቀን ሲለያይ ምን እንደሚያደርግ ይንገርሽ። ያ ግማሽ ቀን የማን እንደሆነ ለማወቅ ከጓጓሽ፣ ጓደኞችሽ የተናገሩት እውነት ነው። ካዛጋሽ ሽያጩ ላይ ቆዪ፤ እዚያም ሰው አለ።

የትኛውን የምስክር ወረቀት ልያዝ?

በዘርፉ ልምድ የማይጠይቅ ፈተና አለ፤ የአሜሪካው የሙያ ምስክር ወረቀት ሰጪ ተቋም ኤች.አር.ሲ.አይ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የሚሰጠው ኤ.ፒ.ኤች.አር ለጀማሪዎች የተዘጋጀ ነው። ሲ.አይ.ፒ.ዲም ከደረጃ 3 የሚነሣ የጀማሪ ትምህርት አለው። ክፍያውን ከመክፈልዎ በፊት ግን ሊሠሩ በሚያስቡበት ቦታ የወጡ አሥር የጀማሪ ቅጥር ማስታወቂያዎችን ያንብቡና ስንቶቹ ይህን እንደሚጠይቁ ይቁጠሩ። አንዱም ካልጠየቀ ገንዘብዎን ይያዙ። የሚሠሩበትን አገር የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ እርሳስ ይዘው ከዳር እስከ ዳር ያንብቡ፤ የሙከራ ጊዜን፣ የትርፍ ሰዓትን፣ ፈቃድንና ስንብትን ሁለት ጊዜ። ቀጥሎ ኤክሴል ይማሩ።

ቃለ መጠይቅ ሲደርስ ልቤ ይመታል።

የጠያቂውም ይመታል። ከቃለ መጠይቅ ውጭም የሚያስቸግርዎ ከሆነ ሐኪም ያማክሩ።

ሌላ ጠያቂ የሰው ሀብት ሥራን ከጀመሩ ሦስት ወራቸው ነው። ኃላፊያቸው ሊያሰናብት ለፈለገው ሠራተኛ ባለፈው ወር ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አዘጋጅተው ማኅደሩ ውስጥ እንዲያስገቡ አዝዟቸዋል። እሳቸውም ገና በሙከራ ጊዜ ላይ ናቸው።

አይጻፉ። የሚጠየቁት ሐሰተኛ ሰነድ እንዲያዘጋጁ ነው፤ ነገሩ ሲፈነዳ የሚገኘውም የእርስዎ እጅ ጽሑፍ ነው። መፈንዳቱ ደግሞ አይቀርም። ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤት ሲወጣ በወጪ መዝገብ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ያለፈው ወር ቁጥሮች ተራቸውን ይዘው ሞልተዋል፣ አዲሱን የት ይሰነቅሩታል? ሠራተኛው መቀበሉን የፈረመበትስ የት አለ?

ለኃላፊው በትሕትና «ጥፋት ካለ በዛሬው ቀን፣ በደንቡ መሠረት ላዘጋጅ» ይበሏቸው። የተባሉትን ቃልና ቀኑን ለራስዎ ማስታወሻ ይያዙ፤ ከማኅደሩ ግን አንድም ወረቀት ወደ ቤት እንዳይወስዱ።

ከዚህ በኋላ ያለው የእኔ ሥራ አይደለም። የሥራ ክርክር የሚይዝ የሕግ ባለሙያ ያማክሩ። በዘርፉ ረጅም ዘመን የሠራ ጓደኛዎን አይደለም፣ የመሥሪያ ቤቱን ጠበቃም አይደለም፤ የእሱ ደንበኛ አሠሪው ነው። የራስዎን ባለሙያ ነው የምልዎት። በጽሑፍ ምንም ከመመለስዎና ምንም ከመፈረምዎ በፊት፣ በዚህ ሳምንት። ክፍያው ከከበደዎት ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ አካል ይፈልጉ። ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ እንዲያነቡት እለምንዎታለሁ።

ሲቪያቸውን ልከው «ተመልክተው ይቅጠሩኝ» ያሉኝ አንባቢ አሉ።

እኔ ቀጣሪ አይደለሁም። ግን ተመልክቼዋለሁ፤ የስልክ ቁጥርዎ አንድ አኃዝ ይጎድለዋል።