መልስ፦ የ9 ዓመት ውሻ ቴስቶስትሮን ዝቅ ማለት

«ያልተኮላሸ የ9 ዓመት ውሻዬ ቴስቶስትሮኑ (የወንዴ ሆርሞኑ) ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ እርጅና ነው?» ላሉት፦ እባክዎ በአንድ የደም ምርመራ አይፍረዱ። ሆርሞኑ ከቆለጥ ወደ ደም የሚገባው ሳያቋርጥ ሳይሆን ቆም እያለ፣ በሞገድ ነው። ጤናማ ውሻም በአንዱ ቀን ውስጥ አንዴ በሚሊሊትር ከ1 ናኖግራም በታች፣ አንዴ ከዚያ ብዙ እጥፍ ሊያሳይ ይችላል። የእንስሳት ሐኪሙ የጂኤንአርኤች (ቆለጡ ቴስቶስትሮን እንዲያመነጭ የሚቀሰቅስ ሆርሞን) መርፌ ይስጠው፤ ደሙ ከመርፌው በፊትና ከ60 ደቂቃ በኋላ ይወሰድ። ቁጥሩ በግልጽ ከጨመረ ቆለጡ እየሠራ ነው።

በዚህ ዕድሜ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ፕሮስቴቱ (ከፊኛው ሥር ያለው ዕጢ) ነው። ቴስቶስትሮን ዲኤችቲ ወደሚባል ይበልጥ ኃይለኛ ሆርሞን እየተለወጠ ዓመት በዓመት ያሳብጠዋል። ከብልቱ ደም ጠብ ካለ፣ ሲጸዳዳ ካማጠ ወይም ዓይነ ምድሩ ጠፍጣፋ ከሆነ ሳይውል ሳያድር ያስመርምሩት። ማኮላሸት ፕሮስቴቱን በጥቂት ሳምንታት ያኮማትረዋል፤ ከተኮላሸ በኋላ ካበጠ ግን ካንሰር ይጠረጠራል።