ከወንድሜ ጎን ጋቢና ተቀምጬ፦ ስለ አማተር የመኪና ውድድር ቀን ጥያቄና መልስ

ታናሽ ወንድሜ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ በሚዘጋጁ የአውቶክሮስ ውድድሮች መካፈል ከጀመረ ሰባት ዓመቱ ነው። እኔ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ጋቢና እየተቀመጥኩ አብሬው እዞራለሁ፤ ከሦስት ዓመት ወዲህ ደግሞ በዚያው መኪና ተራ ይዤ እነዳለሁ። ወንድም ወይም እህት «ነይ አብረን እንዙር» ብሎ የጋበዛቸው ብዙ ሰዎች ሲጠይቁኝ ስለቆዩ፣ ጥያቄዎቻቸውን እዚህ ሰብስቤ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ አውቶክሮስ የሚባለው ምንድን ነው? ማታ መንገድ ላይ ከሚደረገው እሽቅድምድም በምን ይለያል?

በሁሉም ነገር ይለያል። ሰፊ ባዶ የመኪና ማቆሚያ ወይም አገልግሎት የማይሰጥ የአውሮፕላን ማረፊያ አስፋልት ላይ ብርቱካናማ ኮኖች ተደርድረው ጠመዝማዛ መንገድ ይሠራል። መኪኖቹ በየተራ ስለሚለቀቁ ጎን ለጎን የሚሽቀዳደም የለም፤ እያንዳንዱ የሚፎካከረው ከሰዓት ጋር ነው። አንዱ ዙር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ፍጥነቱ በሁለተኛ ማርሽ የሚያልቅ ነው፤ ረጅም በሚባለው ቀጥታ ላይ እንኳ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ቢደርስ ነው። ኮን የጣለ 2 ሰከንድ ይጨመርበታል፤ በኮኖቹ መካከል ያለውን በር ስቶ ያለፈ ደግሞ ዙሩ አይቆጠርለትም። እ.ኤ.አ. በ1944 የተመሠረተው የአሜሪካ የስፖርት መኪና ክለብ በየአካባቢው ባሉ ቅርንጫፎቹ ያዘጋጀዋል፤ ሌሎች ትናንሽ ክለቦችም አሉ።

ማታ አውራ ጎዳና ላይ የሚጋልቡ ወጣቶቻችንን ሳይ ልቤ ይደማል። ያ ሁሉ ፍላጎት ማንንም ሳይጎዳ የሚወጣበት ቦታ በመኪና አንድ ሰዓት በማይሞላ ርቀት ላይ መኖሩን የነገራቸው ሰው የለም። እባካችሁ ንገሯቸው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ቶዮታ ኮሮላ ነው ያለው። ይቀበሉታል?

ይቀበሉታል። የማይቀበሉት ከፍ ያሉና ወርዳቸው ጠበብ ያለ፣ በድንገተኛ መታጠፍ ሊገለበጡ የሚችሉ መኪኖችን ነው። ጠዋት ፍተሻ አለ፦ ባትሪው በደንብ ታስሯል ወይ፣ የጎማ ብሎኖች ጠብቀዋል ወይ፣ የፍሬኑ ፔዳል ሲረገጥ ጠንካራ ነው ወይ፣ ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ቶሎ ይመለሳል ወይ ይባላል። ፖርቶ ባጋሊዮውን ባዶ አድርጉ፤ ክሪኩም፣ ስኮርታውም፣ መቀመጫ ሥር የተረሳ የውሃ ጠርሙስም ይውጣ። ጠርሙስ ተንከባሎ ፍሬን ሥር ከገባ መዘዙ ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ብቀመጥ ክብደቴ ሰዓቱን አያበላሽበትም?

በመጠኑ ያበላሻል። የእኛ መኪና አሮጌ ማዝዳ ሚያታ ነው፤ ክብደቱ አንድ ቶን ገደማ ስለሆነ የአንድ ሰው ክብደት ይታወቀዋል። ነገር ግን በቀኑ ከአራት እስከ ስድስት ዙር ይደርሰዋል፤ የሚቆጠረውም ከሁሉ የፈጠነው አንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ እኛ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች አብረን እንሄዳለን፣ መንገዱን እንማርበታለን፣ በቀሩት ብቻውን ይሄዳል። «ለሰዓቴ ስል ውረጂ» ብሎ እንዳይጨነቅ ይህን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ጥያቄ፦ ጋቢና የተቀመጠ ሰው ምን ያደርጋል? ዝም ብሎ መያዝ ነው?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ደስ አለኝ፤ እኔም ራሴ መልሱን ለማግኘት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

መጀመሪያ ሰውነታችሁን አስተካክሉ። መቀመጫውን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ግፉት፣ ቀበቶውን እሰሩ፣ የደረቱን ክፍል በድንገት ሳብ አድርጋችሁ አስቆልፉት፣ ከዚያ ሳትለቁት መቀመጫውን ወደ ፊት አምጡት። ቀበቶው ሰውነታችሁ ላይ ይጠብቃል። ጥሩ ጎማ ያለው መኪና ሲታጠፍ ወደ ጎን የሚገፋችሁ ኃይል የራሳችሁን ክብደት ያህል ይሆናል። 60 ኪሎ የሆነች ሴት 60 ኪሎ ከጎኗ ተደገፈባት ማለት ነው። ቀኝ ጉልበታችሁን በሩ ላይ፣ ግራ እግራችሁን ወለሉ ላይ ተክላችሁ ተቀመጡ። መሪውንም ማርሹንም የነጂውን ክንድም በምንም ምክንያት አትንኩ።

ቀጥሎ ዓይናችሁን አሠሩት። ጀማሪ ነጂ ከአፍንጫው ሥር ያለውን ኮን ነው የሚያየው፤ ያየውን ደግሞ ይገጨዋል፤ እጅ ዓይንን ይከተላልና። ወንድሜም እንደዚያ ነበር። ጠዋት መንገዱን በእግር ስንሄድ አንድ ቃል ተስማማን፦ «አሻግረህ»። ዓይኑ ቅርብ ኮን ላይ ሲቀር እኔ «አሻግረህ» እላለሁ፣ እርሱም ቀና ብሎ የሚቀጥለውን በር ያያል። ሌላ አንድም ቃል አልናገርም። «ቀስ በል»፣ «አሁን ፍሬን ያዝ» ማለት ሐሳቡን ይበትነዋል። ስህተቱን መንገር ካለብኝ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ያቅለሸልሸኛል ብዬ እፈራለሁ። በጾምስ ወቅት?

የሚያቅለሸልሸው ዓይን የሚያየውና የውስጥ ጆሮ የሚሰማው ስለማይስማማ ነው። ስልክ አትዪ፣ ሩቅ እዪ፣ ቪዲዮ መቅረጽም ይቅርብሽ። ከነጂው ጋር አብረሽ መታጠፊያውን ቀድመሽ ካየሽ ግማሹ ችግር ይጠፋል። በጾም ወራት እኔ የምሄደው በጠዋቱ ምድብ ከተመዘገብን ብቻ ነው፤ ባዶ ሆድ፣ የአስፋልት ሙቀትና መታጠፊያ አንድ ላይ አይሆኑም። እሁድ ከሆነ ደግሞ ቅዳሴ ስላለብን ቅዳሜ የሚዘጋጁትን እንመርጣለን።

ጥያቄ፦ ሄልሜት እነርሱ ይሰጣሉ?

ብዙ ክለቦች ያውሳሉ። ለመግዛት ካሰባችሁ የስኔል ምልክት ያለበትን ፈልጉ፤ ስኔል የሄልሜትን ጥንካሬ የሚፈትሽ ድርጅት ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1957 የተመሠረተው በውድድር ላይ ለሞተው ለፒት ስኔል መታሰቢያ ነው። «ኤስ ኤ» የሚለው ለመኪና የተሠራና እሳት የሚቋቋም ነው፤ «ኤም» የሚለው የሞተር ብስክሌት ነው። አውቶክሮስ ላይ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ይፈቀዳሉ፤ የስንት ዓመተ ምሕረት ምልክት እንደሚቀበሉ ግን አዘጋጆቹን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ እናት ነኝ። ሁለቱም ልጆቼ በአንድ መኪና መሆናቸው እንቅልፍ ነስቶኛል። አደጋ ደርሶባችሁ ያውቃል?

እሜቴ፣ እውነቱን ልንገርዎ። በአራተኛው ዓመት፣ ዝናብ ባቆመበት ጠዋት፣ ወንድሜ መታጠፊያ መሀል ላይ ፍሬን ያዘ። የኋላው ሸርተት አለና መኪናው ዞሮ ወደመጣንበት አቅጣጫ ቆመ። እንደተማረው ፍሪሲዮንና ፍሬኑን አንድ ላይ ረግጦ ነበር። ከሥራችን ሁለት ኮኖች ሲንኮሻኮሹ ሰማሁ፤ የጋለ ጎማ ሽታ ገባ። መኪናው ፀጥ እንዳለ ቀኝ እጁ ደረቴ ላይ ነበር፤ ልጆች ሳለን አባታችን ድንገት ፍሬን ሲይዝ እንደሚያደርገው። «ደህና ነሽ?» አለኝ፤ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ደህና ነበርኩ። ዙሪያችን ግንብም፣ ምሰሶም፣ ሌላ መኪናም አልነበረም፤ መንገዱ ሲሠራ ሆን ተብሎ እንዲያ ይደረጋል። በየጥጉ ቀይ ባንዲራ ይዘው የቆሙት ሰዎች ቀጣዩን መኪና አስቁመው ኮኖቹን መለሱ፣ እኛም በቀስታ ወጣን።

እኔ የምመክርዎ መጥተው እንዲያዩ ነው። የእኛ እናት አንድ ዓመት ሙሉ ከተቃወሙ በኋላ ቡና በፔርሙዝ ይዘው መጡ፤ እስከ ማታም ተቀመጡ። ልጆችዎን ግን የመኪና ኢንሹራንሳቸውን ውል እንዲያነቡ ያድርጉ፤ ብዙ ውሎች እንዲህ ባለ ውድድር ላይ የደረሰን ጉዳት አይሸፍኑም።

ጥያቄ፦ በእውነተኛ የውድድር መንገድ ላይስ አብሬው መቀመጥ እችላለሁ?

እዚያ ጥብቅ ነው። ለምሳሌ ዌስት ቨርጂኒያ ያለው የሰሚት ፖይንት ዋናው መንገድ 2 ማይል ርዝመትና 10 መታጠፊያዎች አሉት፤ ፍጥነቱም ከእኛ ጋር አይወዳደርም። በሥልጠና ቀኖች ከጀማሪ ጎን የሚቀመጠው አሠልጣኝ ነው እንጂ ቤተሰብ አይደለም። አንዳንድ አዘጋጆች በምሳ ሰዓት ቤተሰብ አሳፍሮ በዝግታ መዞር ይፈቅዳሉ።

ጥያቄ፦ አንቺ ስትነጂስ ወንድምሽ ይቀመጣል?

ይቀመጣል። ሄልሜቱን እኔ ነኝ የማስርለት፤ ልማዳችን ሆኗል። «አሻግረሽ» ይለኛል፣ በተለይ ከመጨረሻው ዚግዛግ ላይ፤ እዚያ ዓይኔ ዘወትር ይቀራል። ባለፈው ወር ግን ዙሩን ሙሉ ዝም አለ። አንዳች ነገር የከፋው መስሎኝ ካቆምን በኋላ «ምነው?» አልኩት። «ቀድመሽ እያየሽ ነበር» አለኝ፣ የሄልሜቱን ማሰሪያ እየፈታ።